ቦይለር ሲያፈስ፦ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚወጣ ይወቁ

ከቦይለር ሥር ጠብታ ሲታይ በብዙ ቤት የሚደረገው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ባልዲ ደቅኖ ሳምንታት ማሳለፍና በመጨረሻ «አልቆለታል» ተብሎ አዲስ መግዛት ነው። ሁለተኛው የሚያንጠባጥበውን ቀዳዳ በጨርቅ፣ በቴፍሎን ወይም በቡሽ ደፍኖ ዝም ማሰኘት ነው። የመጀመሪያው ያለ አግባብ ገንዘብ ያስወጣል፤ ሁለተኛው ሰው ሊገድል ይችላል። ሁለቱም የሚመጡት ውሃው የሚወጣበት ቦታ በቅጡ ሳይታይ ስለሚፈረድ ነው። ቦይለር የሚያፈስባቸው ቦታዎች አራት ናቸው፤ ሦስቱ በትንሽ ወጪ ይስተካከላሉ፣ የማይጠገነው አንዱ ብቻ ነው።

እዚህ የምንነጋገረው በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ቤቶች ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀለው፣ ከ30 እስከ 100 ሊትር ስለሚይዘው የኤሌክትሪክ ቦይለር ነው። ከሥሩ ሁለት ቱቦ ይወጣል፤ ሰማያዊ ቀለበት ያለው የቀዝቃዛ መግቢያ፣ ቀይ ቀለበት ያለው የሙቅ መውጫ ነው። ሻወሩ ራስ ላይ ተገጥሞ ውሃውን እያሳለፈ የሚያሞቀው ትንሹ ዓይነት አሠራሩ ሌላ ስለሆነ እዚህ አይገባም።

ከሁሉ በፊት መብራቱ

ቀድሞ የሚጠፋው መብራቱ ነው፤ ውሃው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ያለው፣ ትንሽ ቀይ መብራት ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ብቻውን አይበቃም። አንዳንዱ የሚቆርጠው ከሁለቱ መስመር አንዱን ብቻ ነው፤ ገመዱ ተገላብጦ ተገጥሞ ከሆነ ማብሪያው ጠፍቶም ቦይለሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይቀራል። ስለዚህ ብሬከሩን ከሳጥኑ ያውርዱ፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሳያውቅ መልሶ እንዳያነሳውም ይንገሩ። ውሃው ከቦይለሩ ሥር ካለው የፕላስቲክ ክዳን ወይም በኤሌክትሪክ ገመዱ ላይ እየወረደ ከሆነ ብሬከሩ ሳይወርድ ቦይለሩንም፣ ወለሉ ላይ ያለውንም ውሃ አይንኩ። ሰሞኑን ቧንቧ ሲነኩ ነዘር ያደርግዎት ከነበረም ነገሩ ከውሃ ማፍሰስ ያለፈ ነው፤ ማሞቂያው ብረት ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው እየሄደ ሊሆን ይችላል። ያ ቦይለር ሳይመረመር ዳግም አይበራም።

ውሃው በኃይል እየፈሰሰ ከሆነ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን የቀዝቃዛ መዝጊያ ቫልቭ ይዝጉ። ለቦይለሩ ብቻ የተገጠመ መዝጊያ ከሌለ የሮቶውን መውጫ ወይም ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋናውን ይዝጉ፤ ፓምፕ ካለም ከሶኬቱ ይንቀሉት። ከዚያ የሙቅ ውሃ ቧንቧውን ለጥቂት ሰከንድ ከፍተው ይዝጉ፤ ውስጥ የታመቀው ግፊት ይወጣና ፍሳሹ ብዙውን ጊዜ ወደ ጠብታ ይወርዳል። እጅ የሚያቃጥል ውሃ ሊወጣ ስለሚችል ፊትዎን ራቅ ያድርጉ።

ፍሳሹ ቀስ ያለ ጠብታ ከሆነ ግን ውሃውን አይዝጉ፣ ቦይለሩንም አያራግፉ። ግፊት የሌለው ቦይለር አያፈስም፤ ስለዚህ ቀዳዳውን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። መብራቱ ጠፍቶ፣ ውሃው እንደተከፈተ ወደ ፍለጋው ይግቡ።

ቦታውን ማግኘት

ውሃ ከላይ ወጥቶ በቱቦው ላይ እየተንሸራተተ ወርዶ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚወጣበት ላይሆን ይችላል። የቦይለሩን ሥር፣ ሁለቱን ቱቦዎች፣ መጋጠሚያዎቹንና በሰማያዊው መግቢያ ላይ ያለውን ሴፍቲ ቫልቭ በደረቅ ጨርቅ ጠራርገው ያድርቁ። ከዚያ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አንድ ዙር ሶፍት ይጠምጥሙ፤ ከቫልቩ አፍ ሥር ደግሞ ለብቻው ኩባያ ያድርጉ። ግማሽ ሰዓት ቆይተው ይመልከቱ። ከረጠቡት ሶፍቶች መካከል ከሁሉም ከፍ ብሎ ያለው የችግሩን ቦታ ያሳያል።

ኩባያው ውስጥ ብቻ ውሃ ካለ ጉዳዩ የሴፍቲ ቫልቩ ነው። መጋጠሚያ ላይ ያለ ሶፍት ከረጠበ ጎሚኒው (የጎማ ማሸጊያው) ወይም ጥርሱ ነው። ሶፍቶቹ ደርቀው ከፕላስቲክ ክዳኑ ጠርዝ የሚንጠባጠብ ከሆነ ውስጥ ያለው የፍላንጅ፣ ማለትም ማሞቂያውን ይዞ ታንከሩን ከታች የሚዘጋው ብረት፣ ጎሚኒ ይጠረጠራል። ውሃው ከውጨኛው ቆርቆሮ መገጣጠሚያ፣ ከጎኑ ወይም ከጀርባው እየወጣ ከሆነ፣ በተለይም ቡናማ ቀለም ካለው፣ ታንከሩ ራሱ ተበልቷል።

ሴፍቲ ቫልቩ ሲያንጠባጥብ

በሰማያዊው መግቢያ ላይ የተገጠመው፣ ከጎኑ ትንሽ አፍና ማንሻ ያለው የናስ ዕቃ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ የገባው ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ማገድ ነው። ሌላው በታንከሩ ውስጥ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ከፍቶ ማስተንፈስ ነው። የሚከፍትበት ልክ ላዩ ላይ ተጽፏል፤ ብዙውን ጊዜ 7 ወይም 8 ባር (0.7 ወይም 0.8 ሜጋፓስካል) ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ይህ ቫልቭ ቦይለሩ ሲሞቅ ማንጠባጠቡ ጤነኛ መሆኑን ነው። ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከመቶ 1.5 ያህል ያብጣል። 50 ሊትር ቦይለር ውስጥ ይህ 0.8 ሊትር አካባቢ፣ 80 ሊትር ውስጥ ደግሞ 1.25 ሊትር ገደማ ነው። የገባው ውሃ ወደ ኋላ መመለስ ስለማይችል ትርፉ በዚያች አፍ ጠብ እያለ ይወጣል። ባለ 1500 ዋት ማሞቂያ 50 ሊትር ለማሞቅ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ሦስት ኩባያ ውሃ ቢጠራቀም የሚያሳስብ ነገር የለም። የሚያስፈልገው ቱቦ ወደ ፍሳሽ ማድረስ ብቻ ነው።

የታመመውን ከጤነኛው የሚለየው ፈተና ቀላል ነው። ማታ ብሬከሩን አውርደው፣ ሙቁን ውሃ ተጠቅመው ጨርሰው፣ ኩባያውን ባዶ አድርገው ይደሩ። ጠዋት ቦይለሩ ቀዝቅዞም ኩባያው ውስጥ ውሃ ካለ ቫልቩ ያለ ሙቀት እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ መቀመጫው ላይ ቆሻሻ ተይዟል፣ ወይ የሚመጣው ውሃ ግፊት በዝቷል።

ግፊቱን ያለ መሣሪያም መገመት ይቻላል። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ይሰጣል። ውሃው የሚመጣው ከቤቱ ጣሪያ ላይ ካለ ሮቶ ከሆነና ሮቶው ከሻወሩ 3 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ግፊቱ 0.3 ባር ብቻ ነው። ይህ ባለ 8 ባር ቫልቭ ሊከፍት አይችልም፤ ስለዚህ ቀዝቅዞ የሚያፈስ ከሆነ ጥፋቱ ያለ ጥርጥር የቆሻሻ ወይም ያረጀ ቫልቭ ነው። ግፊት በዛ ተብሎ ዕቃ አይገዛም። በፓምፕ የሚመጣ ውሃም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ባር መካከል ነው። ከከተማው መስመር በቀጥታ የሚገባ ከሆነ ግን፣ በተለይ ቁልቁል ባሉ ሰፈሮች፣ ሌሊት ሰው ሲተኛና የውሃ አጠቃቀም ሲቀንስ ግፊቱ ከቀኑ ብዙ ከፍ ይላል። ጠብታው ሌሊት ሌሊት ብቻ የሚብስ ከሆነ ይህን ይጠርጥሩ፤ የግፊት መለኪያ ተገጥሞ ከ5 ባር በላይ ካሳየ ከቦይለሩ በፊት የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ገጥሞ 3 ባር ላይ ማስተካከል ነው።

ቆሻሻው በፈረቃ ውሃ በሚደርሳቸው ሰፈሮች በጣም የተለመደ ነው። መስመሩ ደርቆ ቆይቶ ውሃው ሲመለስ ከቱቦው ግድግዳ የተላቀቀ ዝገትና አሸዋ ይዞ ይመጣል። የአሸዋ ቅንጣት በቫልቩ ጎማና በመቀመጫው መካከል ከገባች ጠብታው አይቆምም። መፍትሔው ማጠብ ነው፤ ውሃው ተከፍቶ ሳለ ከቫልቩ አፍ ሥር ባልዲ አድርገው ማንሻውን ወደ ላይ አንስተው 10 ሰከንድ ያህል ያፍስሱ፣ ቀጭ ብሎ እንዲመለስ ይልቀቁት። አራት አምስት ጊዜ ይድገሙ። ማንሻውን በትንሽ ብሎን ያሰሩት ቫልቮች አሉ፤ ብሎኗን መፍታት ያስፈልጋል። ይህን ካደረጉ በኋላም በማግሥቱ ጠዋት ኩባያው ከረጠበ ቫልቩን ይቀይሩ። ፈታትቶ ለመጠገን መሞከር አያዋጣም፤ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ በፋብሪካ የተለካ ነው።

ለመቀየር ቀዝቃዛውን ዘግተው፣ የሙቁን ቧንቧ ከፍተው ግፊቱን ካስወጡ በኋላ ባልዲ አስጠግተው ይፍቱት። ቫልቩ ሲፈታ ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ በሙሉ በዚያው ሊወርድ ስለሚችል ቀድመው ያራግፉት፤ አራገፉን ከታች ጽፈነዋል። አዲሱ የግማሽ ኢንች፣ በላዩ ላይ የተጻፈው ባር ከአሮጌው ጋር እኩል የሆነ መሆን አለበት። ቦይለሩ 8 ባር ብሎ የተሠራ ሆኖ ሳለ «ጠንካራ» ተብሎ የ10 ባር ቫልቭ መግጠም የደኅንነቱን ትርጉም ያጠፋል። ላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ቦይለሩ መመልከት አለበት፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ውሃ ጭራሽ አይገባም። የታንከሩ የወንድ ጥርስ ላይ ቴፍሎን ከ12 እስከ 15 ዙር፣ ጥርሱን ፊት ለፊት ሲያዩት ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ይጠምጥሙ፤ በተቃራኒው ከሆነ ሲጠብቅ እየተፈታ ይወጣል። በእጅ እስከሚችሉ አጥብቀው በመፍቻ አንድ ዙር ተኩል ያህል ይጨምሩ። በጂራቱቢ ሙሉ ክንድ ማስገባት አያስፈልግም። ያ ጥርስ ታንከሩ ላይ የተበየደ ነው፤ ሲጠመዘዝ በብየዳው ዙሪያ ያለው የውስጥ ልባስ ይሰነጠቃል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። ዛሬ በጉልበት የቆመ ጠብታ በዓመቱ የታንከር ቀዳዳ ሆኖ የሚመለሰው በዚህ ነው።

ያቺን አፍ መድፈን

ይህን ነጥሎ መጻፍ ያስፈለገው በብዙ ቤት ስለሚታይ ነው። የሴፍቲ ቫልቩ አፍ በምንም አይደፈንም። በታንከሩና በቫልቩ መካከልም ምንም ዓይነት መዝጊያ አይገጠምም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በታፈነ ታንከር ውስጥ ግን ግፊቱ እየጨመረ ሲሄድ የመፍያው ልክም አብሮ ይወጣል፤ 8 ባር ላይ 170 ዲግሪ አልፎም ውሃው ሳይፈላ ይቆያል። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ተበላሽቶ ማሞቂያውን ማጥፋት ካቃተውና ማስተንፈሻውም ከተደፈነ ታንከሩ በደካማው ቦታ ይቀደዳል። በዚያች ቅጽበት ግፊቱ ስለሚወርድ ከውሃው ከፊሉ በአንዴ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ከውሃው ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ይህ ጣሪያና ግድግዳ የሚያፈርስ ፍንዳታ ነው።

የሙቁ ቧንቧ ሲከፈት ውሃው እየተንፈቀፈቀ ከእንፋሎት ጋር የሚወጣ ከሆነ ቴርሞስታቱ ከቁጥጥር ውጭ ነው። ብሬከሩን ያውርዱ፣ ክዳኑን አይክፈቱ፣ ቀዝቃዛ ውሃውንም አይዝጉ፤ ለብዙ ሰዓታት እንዲቀዘቅዝ ይተዉትና ባለሙያ ቴርሞስታቱን ይቀይረው።

የጠብታው ውሃ ወለሉን ካስቸገረ ቀላሉ መንገድ በቫልቩ አፍ ላይ ግልጽ የሆነች ቀጭን ላስቲክ ቱቦ ሰክቶ፣ ያለ ማቋረጥ ቁልቁል እየሄደች ከወለሉ ፍሳሽ በላይ ክፍት ሆና እንድታልቅ ማድረግ ነው። ባልዲ ውስጥ ገብታ ጫፏ ውሃ ውስጥ አትስጠም፤ መስመሩ ሲደርቅ የባልዲውን ውሃ መልሳ ልትስብ ትችላለች።

መጋጠሚያና ፍሌክሲብል

እዚህ ነገሩ ቀላል ነው። ፍሌክሲብሉ (ሽቦ የለበሰው ተጣጣፊ ቱቦ) ከቦይለሩ ወይም ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ዳዶ ውስጥ ጠፍጣፋ ጎሚኒ አለ። ሙቅ ውሃ ለዓመታት ሲያልፍበት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ዳዶውን ሩብ ዙር ማጥበቅ ለጊዜው ሊያቆመው ይችላል፤ ካላቆመ ግን የበለጠ ማጥበቅ የደረቀውን ጎሚኒ ይሰብረዋል። ፈትተው አዲስ ጎሚኒ ያስገቡ፤ በእጅ አጥብቀው በመፍቻ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ይጨምሩ። ጎሚኒ ባለበት ዳዶ ላይ ቴፍሎን አይጠመጠምም፤ ውሃውን የሚይዘው ጎሚኒው እንጂ ጥርሱ አይደለም፣ ቴፍሎኑም ዳዶው እስከ መጨረሻው እንዳይቀመጥ ያግዳል።

የፍሌክሲብሉን ሽቦ ደግሞ ዳር ዳሩን ይመርምሩ። አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ወይም የዝገት ነጠብጣብ ታይቶ ከሆነ ሙሉውን ይቀይሩ። የሚፈነዳው ከመሐል ሳይሆን ከጫፉ፣ ከተጨመቀበት ቦታ ነው፤ የሚፈነዳውም ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ ግፊት ሲጨምርና ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። ሲገዙ ለሙቅ ውሃ የሚሆን መሆኑን ይጠይቁ፤ በመለያው ላይ 90 ዲግሪ የሚል መኖር አለበት።

ቱቦው የፒፒአር ከሆነና የሚያፈሰው ፕላስቲኩ ከናስ ጥርሱ ጋር የተያያዘበት ቦታ ከሆነ ማጣበቂያ መቀባት ዋጋ የለውም። ያ መጋጠሚያ ተቆርጦ በአዲስ ይበየዳል። በዚህ አጋጣሚ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ለሙቅ መስመር ፒኤን 20 ወይም 25 ያስፈልጋል። ፒኤን 10 የቀዝቃዛ ቱቦ በሙቅ መስመር ላይ ተገጥሞ መገኘቱ የተለመደ ጥፋት ነው፤ እየለሰለሰ ይጎብጣል፣ መጋጠሚያውንም ይስባል። ከቦይለሩ ጋር የሚገናኘው የመጨረሻው የቀዝቃዛ ቱቦም ሙቀት ስለሚደርሰው እሱንም በሙቁ ቱቦ መሥራት ይሻላል።

ከክዳኑ ሥር ሲወጣ

ይህ ሥራ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን ጥንቃቄ ላለው ሰው ከባድ አይደለም። ኤሌክትሪክ መፍታት የሚያስፈራዎት ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ፤ ምን እንደሚሠራ ማወቅዎ ግን ይጠቅምዎታል።

ማሞቂያው (ሬዚስታንሱ)፣ የማግኒዥየሙ ዘንግና የቴርሞስታቱ ማስገቢያ በአንድ ፍላንጅ ላይ ተገጥመው ከታች ወደ ታንከሩ ይገባሉ። ፍላንጁን ከታንከሩ የሚያጋጥመው ጎሚኒ ሲያረጅ ውሃው በክዳኑ ውስጥ ይወርዳል፣ ያውም በኤሌክትሪኩ መገናኛ ላይ።

ከመጀመርዎ በፊት ጎሚኒውንና የማግኒዥየሙን ዘንግ መግዛት አይቻልም፤ ልካቸው እንደ ቦይለሩ ስለሚለያይ አሮጌውን ፈትቶ ይዞ መሄድ ነው። ስለዚህ ሱቅ በሚከፈትበት ሰዓት፣ ጠዋት ይጀምሩ። የሚያስፈልግዎ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መፍቻዎች፣ የኤሌክትሪክ ቴስተርና ከተቻለ መልቲሜትር፣ ሁለት ባልዲ፣ አቼቶ፣ የፕላስቲክ ማንኪያና ስልክዎ ነው።

አራገፉ እንዲህ ነው። ብሬከሩ ወርዶ ሳለ የሙቁን ቧንቧ ከፍተው ውሃው ለብ እስኪል ይቅዱት፤ ለልብስ ማጠቢያ ይሆናል፣ አይድፉት። ለብ ሲል ቀዝቃዛውን ይዝጉ። አሁን የሙቁን ቧንቧ ቢከፍቱም ውሃ አይወርድም፤ የሙቁ ቱቦ ውስጥ ለውስጥ እስከ ታንከሩ አናት ስለሚደርስ ከሱ በታች ያለው ውሃ በዚያ መውጣት አይችልም። የሚወርደው በሰማያዊው በኩል ነው። የሴፍቲ ቫልቩን ማንሻ ያንሱ፤ ቀርፋፋ ከሆነብዎ ቫልቩን ይፍቱት። አየር በሙቁ በኩል መግባት ስላለበት የሙቁ ቧንቧ ክፍት ይሁን፤ ዘግተውት «አልወርድ አለ» የሚሉ ሰዎች ችግራቸው ይኸው ነው። 50 ሊትሩ ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

ውሃው ካለቀ በኋላ የፕላስቲክ ክዳኑን ይፍቱና በቴስተር ሁሉንም መገናኛ ይንኩ፤ አንዱም መብራት የለበትም። ከዚያ ገመዶቹን ሳይነኩ በስልክዎ ከሁለት አቅጣጫ ፎቶ ያንሱ። ቢጫና አረንጓዴው የግራውንድ ገመድ ነው፤ ሲመለስ የግድ በቦታው መግባት አለበት። ቴርሞስታቱን ከማስገቢያው ስበው ያውጡ፣ ገመዶቹን ይንቀሉ።

ፍላንጁ በአምስት ወይም በስድስት ዳዶ የተያዘ፣ አልያም በአንድ ዳዶና ድልድይ በሚመስል ብረት ከውስጥ የተሳበ ነው። ባለ አንድ ዳዶው ወደ ውስጥ ተገፍቶ፣ ዘወር ተደርጎ በስፋቱ ይወጣል፤ በጉልበት ወደ ታች አይስቡት። ከታች ባልዲ ይኑር፤ የቀረው ውሃና ዝቃጩ በአንዴ ይወርዳል።

እዚህ ከደረሱ ጎሚኒውን ብቻ ቀይሮ መዝጋት ያሳዝናል። መጀመሪያ የማግኒዥየሙን ዘንግ ይዩ። ይህ ዘንግ ታንከሩ እንዳይዝግ በፈንታው እየተበላ የሚያልቅ ነው። ከግማሽ በታች ከቀጠነ ወይም መሐሉ ያለው የብረት ሽቦ ከታየ ይቀየራል። በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ሊታይ የሚገባው ሆኖ ሳለ ቦይለሩ እስኪሞት የማይታይ ዕቃ ቢኖር ይህ ነው፤ ብዙ ቦይለሮች ያለ ዕድሜያቸው የሚበሱትም እሱ አልቆ ማንም ስላልተካው ነው።

ቀጥሎ ማሞቂያው። ከግድብ የሚመጣው የአዲስ አበባ ውሃ ብዙ ኖራ አያስቀምጥም፤ የጉድጓድ ውሃ በሚጠጣባቸው ቦታዎች፣ ድሬዳዋን በመሳሰሉ ከተሞች፣ ግን ማሞቂያው ነጭ ቅርፊት ለብሶ ይወጣል። ቅርፊቱ ሙቀት ስለሚያፍን ብረቱ ከልክ በላይ ግሎ ይሰነጠቃል። አቼቶ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ዘፍዝፈው በፕላስቲክ ማንኪያ ያራግፉት፤ በቢላ አይፋቁት። መልቲሜትር ካለ ሁለቱን ጫፍ ይለኩ፤ በ220 ቮልት ለሚሠራ 1200 ዋት ማሞቂያ 40 ኦም፣ ለ1500 ዋት 32 ኦም፣ ለ2000 ዋት 24 ኦም አካባቢ መሆን አለበት። ከአንዱ ጫፍና ከፍላንጁ ብረት መካከል ሲለኩ ግን ምንም ንባብ መኖር የለበትም። ካለ ማሞቂያው ኤሌክትሪክ ያፈሳል፤ ያለ ክርክር ይቀየር።

በታንከሩ ሥር የተጠራቀመውን ዝቃጭ በእጅ አውጥተው በትንሽ ውሃ ያጥቡ። በሌላው እጅ ባትሪ ይዘው ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ ግድግዳው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ብርጭቆ መሰል ልባስ ሆኖ ከታየ ታንከሩ ገና ዕድሜ አለው። ሰፋፊ የዝገት ቁስል ካለ በአዲስ ጎሚኒ ላይ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ያስቡበት።

ጎሚኒው የሚያርፍበትን ጠርዝ በሁለቱም በኩል ይጥረጉ፤ የቀረች የዝገት ቅንጣት አዲሱንም ታስፈስሰዋለች። ሲሊኮን አይቀቡ። ዳዶዎቹን የመኪና ጎማ እንደሚጠብቅ በመስቀለኛ፣ ትንሽ ትንሽ እያፈራረቁ ያጥብቁ። ገመዶቹን ገና አይመልሱ፤ ከሙሌቱ በኋላ ነው።

ታንከሩ ራሱ ሲበሳ

የውጨኛው ቆርቆሮ ሽፋን ብቻ ነው። ከሱ ውስጥ ሙቀት የሚይዝ ፎም፣ ከፎሙ ውስጥ የብረቱ ታንከር አለ። ታንከሩ ሲበሳ ውሃው በፎሙ ውስጥ እየተንከራተተ በማይጠበቅ ቦታ ይወጣል። መጋጠሚያዎቹ ሁሉ ደርቀው ሳለ ቆርቆሮው ከተነፋ፣ ቀለሙ ከተላቀቀ ወይም ቡናማ ውሃ ከወጣ ፍርዱ ይኸው ነው።

«እንበይደው» የሚል ባለሙያ ሊገኝ ይችላል። አይስማሙ። የውስጡ ልባስ በፋብሪካ ከ800 ዲግሪ በላይ በሆነ እቶን የተጋገረ ነው፤ ብየዳው በነካበት ቦታ ሁሉ ተቃጥሎ ይረግፋል፣ ባዶ የቀረው ብረትም በአጭር ጊዜ ሌላ ቦታ ይበሳል። በዚያ ላይ የተበየደ ታንከር 8 ባር ስለመቻሉ ማንም ማረጋገጥ አይችልም። ቴርሞስታቱንና ደህና ከሆነ ማሞቂያውን ለመለዋወጫ አስቀርተው ቀሪውን ያስወግዱ።

አዲሱን ሲሰቅሉ ግድግዳውን ያስቡ። 50 ሊትር ቦይለር ውሃ ሲሞላ 70 ኪሎ ገደማ፣ 80 ሊትር ደግሞ 100 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ብዙው የቤታችን ግድግዳ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው፤ የፕላስቲክ ፊሸር እዚያ ውስጥ የሚይዘው ነገር የለም። የሚሻለው ግድግዳውን አልፎ በወዲያኛው በኩል በሰፊ ብረት ሳህን፣ ሮንዴላና ዳዶ የሚታሰር 10 ሚሊሜትር ብሎን ነው፤ አለዚያ የብሎኬቱን ቀዳዳ ከፍቶ በኮንክሪት ሞልቶ ሳምንት ማድረቅ። መስመሩ ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ 16 አምፔር ብሬከር፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊአምፔር መከላከያና እውነተኛ ግራውንድ ይኑረው። ግራውንድ የሌለው ቤት ውስጥ ቦይለር መግጠም የቤተሰቡን ሕይወት ለማሞቂያው ብረት ጤንነት አሳልፎ መስጠት ነው።

መሙላትና ማብራት

የሙቁን ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ከፍተው ቀዝቃዛውን ቀስ ብለው ይልቀቁ። መጀመሪያ አየር ይወጣል፣ ቀጥሎ እየተቆራረጠ ውሃ፣ ከዚያ የማይቋረጥ ውሃ። ያለ አየር አንድ ደቂቃ ያህል ከፈሰሰ በኋላ ቧንቧውን ይዝጉ። ታንከሩ ሳይሞላ የበራ ማሞቂያ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስም እንዲሁ ነው፤ የሴፍቲ ቫልቩ ማገጃ ካረጀ ታንከሩ ወደ መስመሩ ተመልሶ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በፈረቃ ሰፈር ያለ ሰው ውሃ ሲጠፋ ብሬከሩን ማውረድ፣ ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ በሌላ ቧንቧ ድፍርሱን ማፍሰስ፣ ከዚያ የሙቁን ቧንቧ ከፍቶ ውሃ መምጣቱን ካየ በኋላ ብቻ ማብራት አለበት።

ግፊቱ ገብቶ ሳለ ፍላንጁንና መጋጠሚያዎቹን አድርቀው አዲስ ሶፍት ይጠምጥሙ፤ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ደረቅ ከሆነ ገመዶቹን ከፎቶው እያዩ ይመልሱ፣ ክዳኑን ይግጠሙ፣ ቴርሞስታቱን 60 ዲግሪ ላይ አድርገው ብሬከሩን ያንሱ። ልጆችና አረጋውያን ባሉበት ቤት 60 ዲግሪ ውሃ በጥቂት ሰከንድ ቆዳ ስለሚልጥ ሁልጊዜ ቀዝቃዛውን አስቀድመው ከፍተው ሙቁን ይቀላቅሉበት።

ሶፍቶቹን ወዲያው አያንሱ። ጎሚኒ ሲሞቅና ሲበርድ ትንሽ ይረግባል፤ በቀዝቃዛው የደረቀ መጋጠሚያ ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ሊያላብ ይችላል። በማግሥቱ ብሬከሩን አውርደው ክዳኑን ይክፈቱ፣ የፍላንጁን ዳዶዎች በመስቀለኛ ስምንተኛ ዙር ያህል ያጥብቁ፣ ሶፍቱን በጣትዎ ይንኩት። ደረቅ ከሆነ ባልዲውን ከሥሩ ያንሱ።